«የማን ልጅ ነህ?»፦ ንቀትን በመጠይቅ መለካት ይቻላል ወይ?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጊዜ ስታገኙ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን እሱ ራሱ መምህር ሆኗል፣ ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት መጠይቅ አዘጋጅቶ «ቲቸር፣ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ላከልኝ። ርዕሱ የተማሪዎችን አመለካከት መለካት ነው፤ ስለ ጭፍን ጥላቻና በትምህርት ቤት ልጅ ልጅን ስለሚያጠቃበት ነገር። ቦታው ወረታና ዙሪያዋ ያሉ የፎገራ ቀበሌዎች ናቸው። ልቤ ደስ አለው። መጠይቁን ስከፍተው ግን እንዲህ ይላል፦ «ሰዎች ሁሉ እኩል ናቸው ብዬ አምናለሁ።» «ሰውን በሥራው ምክንያት መናቅ ተገቢ አይደለም።» «የክፍል ጓደኛን መሳደብ ጥፋት ነው።» ከእያንዳንዱ አጠገብ የምታውቋቸው አምስት ሳጥኖች አሉ፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም»።

ደወልኩለትና «ወረቀቱን ሳትበትን ውጤቱን ልንገርህ?» አልኩት። «ከመቶው አብዛኛው በጣም እስማማለሁ ይልልሃል። ከዚያ አንተ የፎገራ ተማሪ ከጭፍን ጥላቻ ነፃ ነው ብለህ ትደመድማለህ። በዚያው ቀን ግን እዚያው ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ለብቻዋ ምሳዋን ትበላለች።» እሱም ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቅ?» አለኝ። ይቺ ጥያቄ በስልክ የምታልቅ አልሆነችም። መልሷ የሚጀምረው ከታሪካችን ስለሆነ ሁላችሁም ብትሰሙት ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት።

ከጋፋት እንጀምር። ከወረታ መገንጠያ ወደ ደብረ ታቦር አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትወጡ፣ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ (ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም የነገሡት) ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተቀለጠው እዚያ ነው፤ በ1860 ዓ.ም በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ድረስ ወጥቷል። ይህን በክፍል ተምራችሁታል፤ ለፈተናም ጽፋችሁታል።

ብዙ ያልተነጋገርንበት ግን ሌላ ነገር አለ። እነዚያ ብረት የሚያቀልጡ ፈረንጆች በንጉሡ ፊት የተከበሩ ነበሩ። ሽልማት ይሰጣቸዋል፣ ቤት ይሠራላቸዋል፣ ይጋባሉም። ከመካከላቸው አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፍሎስ ቫልድማየር የንጉሡን የቅርብ ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቷል፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። በዚያው ዘመን፣ በዚያው በበጌምድር፣ ለገበሬው ማረሻና ማጭድ፣ ለወታደሩ ጦር የሚሠራው የአገሬው ቀጥቃጭ ግን «ቡዳ» ይባላል። ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ዓይኑ እንዳያርፍበት እህል ይሸፈናል። ልጁን የሚያገባ ጨዋ ነኝ ባይ የለም።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። ብረቱ ያው ብረት ነው፣ እሳቱም ያው እሳት። በፈረንጅ እጅ ሲሆን ጥበብ ተባለ፤ በአገሬው እጅ ሲሆን ቡዳ ተባለ። ስለዚህ የተናቀው ሥራው ነው ስንል የኖርነው ነገር ልክ አይመጣም። ሥራው ቢሆን ኖሮ የተናቀው ቫልድማየርም በተናቀ ነበር። የተጠየቀው «ምን ትሠራለህ?» ሳይሆን «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ነው።

ይህን ልዩነት ካልያዝን ቀጥሎ የመጣውም አይገባንም። በ1900 ዓ.ም ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። በብረት ሠሪው፣ በሸማኔው፣ በቆዳ ፋቂው፣ በጸሐፊው፣ በአራሹ ላይ የሚወረወሩትን ስድቦች አንድ በአንድ ጠርተው፣ ሁላችን የአዳምና የሔዋን ልጆች መሆናችንን አስታውሰው፣ ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደሰደበ እንደሚቆጠርና እንደሚቀጣ ገለጹ። በዚያን ጊዜ ዓለም ላይ ስንቱ መንግሥት ነው እንዲህ ያለ አዋጅ ያወጣው? ልንኮራበት የሚገባ ነገር ነው። ምክንያቱም የአገር ነበር፤ ሰው በስድቡ ተማሮ ሙያውን ከተወ አገር ባዶ እጇን ትቀራለች።

ነገር ግን አዋጁ የደረሰው ምላስ ላይ ነው። ማዕድ ላይ አልደረሰም። ሰው አፉን ከዘጋ በኋላም ሌማቱን መሸፈኑን ቀጠለ። ሕግ «አትሳደብ» ሊል ይችላል፤ «ከእሱ ጋር ብላ» ሊል አይችልም። ስለ አዋጁ ይህን የምለው ለመንቀፍ ብዬ አይደለም። የዛሬው መጠይቃችንም የተሰናከለው እዚያው ቦታ ላይ ስለሆነ ነው።

በአካባቢያችን በዚህ ንቀት ስር የኖሩት ቀጥቃጮች ብቻ አልነበሩም። በጎንደር ዙሪያ፣ ወለቃን በመሳሰሉ መንደሮች፣ ቤተ እስራኤላውያን ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ፣ ሸማ እየሸመኑ ኖረዋል። ጎረቤታቸው በማረሻቸው ያርሳል፣ በማድጋቸው ውኃ ይቀዳል፣ በጀበናቸው ቡና ያፈላል፤ እነሱን ግን «ቡዳ» ይላቸዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም በሱዳን በኩል፣ ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ሰዎቹ ሄዱ፤ ስድቡ ግን እዚሁ ቀረ። ሌላ ሸክላ ሠሪ፣ ሌላ ቀጥቃጭ ፈልጎ ተለጠፈበት።

ጣና ዳር ደግሞ ነገደ ወይጦ አሉ። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ጉማሬ በማደንና ደንገል በመሥራት የታወቁ ነበሩ፤ በሐይቁ ላይ ስንት ዘመን ሰውና እህል ያመላለሰው የደንገል ታንኳ የእነሱ ሙያ ነው። ሃይማኖታቸው እስልምና ቢሆንም፣ ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከማዕዱ ሲያርቃቸው ኖሯል። ለባሕር ዳር ጎብኚ ታንኳው ፎቶ ይነሳል። ታንኳውን የሠራው ሰው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ምን ተብሎ እንደሚጠራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔ ቃሉን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ወደ ሜዳችን እንውረድ። ፎገራ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። ድሮ በከብቱ ነበር የሚታወቀው፤ በ1970ዎቹ ሩዝ ገባና ኑሮው ተለወጠ። ዛሬ በየገበያው የምትሰሙት «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ሩዝ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጅግና ቀበሌ ነው። ሩዙ ሲደርስ በምንድን ነው የሚታጨደው? በማጭድ። ማጭዱን ማን ሠራው? ይህን ጥያቄ በክፍል ስጠይቅ ልጆቹ እርስ በርስ እየተያዩ ይስቁ ነበር። ማጭዱን ከገበያ ሲገዙ ማንም አይስቅም። የሠራው ሰው ስም ሲነሳ ነው ሳቁ የሚመጣው።

ከተማ ውስጥ ደግሞ በርና መስኮት የሚበይደውን ወጣት ተመልከቱ። ቴክኒክና ሙያ ተምሮ፣ ተደራጅቶ፣ ሼድ ወስዶ ብረት ይቆርጣል፣ ብረት ያቀልጣል። ማንም ቡዳ አይለውም፤ እንዲያውም ጥሩ ገቢ አለው ተብሎ ልጅ ይዳርለታል። አባቱ ቀጥቃጭ የሆነ ልጅ እዚያው ሼድ ውስጥ እኩል ቢሠራ ግን «የማን ልጅ ነው?» የሚል ሹክሹክታ ይነሳል። ከጋፋት ዘመን ወዲህ ብየዳው መጣ፣ መብራቱ መጣ፣ ጥያቄዋ ግን ያችው ናት።

እንግዲህ የተማሪዬ መጠይቅ «ሰውን በሥራው መናቅ ተገቢ አይደለም» ሲል፣ ልጆቹ ከልባቸው «በጣም እስማማለሁ» ቢሉ አልዋሹም። ሥራ መናቅ ነውር መሆኑን ያውቃሉ። የተጠየቁት ሌላ፣ በሽታው ሌላ።

ሁለተኛው ችግር ደግሞ የኛው የመምህራኑ ነው። ለስንት ዓመት ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስተምረናል። መጽሐፉ ውስጥ እኩልነት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበር፤ ፍትሐዊነትም፣ ታታሪነትም እንደዚሁ። ልጁ «ሰዎች ሁሉ እኩል ናቸው» የሚለውን በፈተና ላይ ሲያከብብ የኖረ ነው። መጠይቁን ሲያይ ፈተና ነው የሚመስለው፤ ያውም አስተማሪው ቆሞ እያየው። ትክክለኛውን መልስ ያውቀዋልና ይሞላዋል። ስለዚህ ያ ወረቀት የሚለካው የሥነ ዜጋ ትምህርታችን ምን ያህል እንደተሸመደደ ነው።

ይህ ችግር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አመለካከትን በቁጥር መለካት ከተጀመረ መቶ ዓመት አለፈው። እ.ኤ.አ. በ1925 አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ኢሞሪ ቦጋርደስ ሰባት ደረጃ ያለው መሰላል አሳተመ። የአንድን ሕዝብ ስም ይጠራና ከዚያ ሰው ጋር እስከ የት ትደርሳለህ ይላል፦ ትጋባለህ? በማኅበርህ ታስገባዋለህ? ጎረቤትህ ይሆናል? አብሮህ ይሠራል? እያለ ወርዶ «ከአገሬ ይውጣልኝ» እስከሚለው ይደርሳል። አምስቱን ሳጥን የሠራው ሬንሲስ ላይከርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1932 መጣ። ከሁለቱ ለኛ ነገር የሚቀርበው የቦጋርደስ መሰላል ነው፤ ምክንያቱም ሐሳብን ትቶ ቅርበትን ይጠይቃል።

በ1934 እ.ኤ.አ. ግን ሪቻርድ ላፒየር የሚባል የስታንፎርድ መምህር ሁሉንም የሚያስደነግጥ ነገር ይዞ ወጣ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በቻይናውያን ላይ ብርቱ ጥላቻ ነበር። ላፒየር ከቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አገሩን በመኪና ዞረ። በ251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ተስተናገዱ ወይም አልጋ ጠየቁ፤ የተከለከሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በኋላ ለነዚያው ቤቶች «ቻይናዊ እንግዳ ትቀበላላችሁ?» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። 128 መለሱ፤ ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆኑት «አንቀበልም» አሉ። በወረቀት ክፉ፣ በተግባር ደህና ሆነው ተገኙ።

የኛን አገር ነገር ገልብጣችሁ አንብቡት። እኛ በወረቀት ደህና ነን። እጃችን ነው የሚያስቸግረው። ላፒየር ያስተማረን ግን ለሁለታችንም ይሠራል፤ የሚለው ሌላ፣ የሚያደርገው ሌላ ነው፣ ሁለቱንም ሳትለኩ አትፍረዱ።

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ፤ ዋናው እነሱ ናቸውና። ፈረንጆቹ «ቡሊንግ» የሚሉትን በአማርኛ በአንድ ቃል ለመጥራት ያስቸግራል። ማላገጥ አለ፣ ማንጓጠጥ አለ፣ ማብሸቅ አለ፣ ማሸማቀቅ አለ፣ ማግለል አለ። ሁሉንም የምናልፍባት አንዲት ቃል ደግሞ አለችን፦ «ስንቀልድ እኮ ነው!» በዚች ቃል ስንቱ ልጅ እንደተበላ!

በቀልድና በጥቃት መካከል መስመር ያሰመረልን ዳን ኦልዌየስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስዊድን ጥናቱን ጀመረ። በ1982 መጨረሻ ኖርዌይ ውስጥ ሦስት ልጆች ሕይወታቸውን ሲያጠፉ፣ ምክንያቱ እኩዮቻቸው ያደረሱባቸው ጥቃት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ አገሩ ተናወጠ፤ በ1983 አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። የኦልዌየስ መስመር ሦስት ነገር አለው፦ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙ፣ የሚጠቃው ልጅ ራሱን ለመከላከል አቅም የሚያንሰው መሆኑ። ሁለት እኩያሞች ተራ በተራ ቢተራረቡ ቀልድ ነው። አርባ ልጅ በየቀኑ አንዲቷን ብቻ የሚተርባት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እሷ ምን ብላ ትመልሳለች? እናታቸው ሸክላ የማትሠራን ልጆች በምን ትሰድባቸው?

የኦልዌየስን መጠይቅ ልብ በሉልኝ። «ጥቃት መጥፎ ነው ትላለህ?» ብሎ አይጠይቅም። «ባለፉት ሁለት ወራት ይህ ነገር ስንት ጊዜ ደረሰብህ?» ይላል። ጊዜ አለው፣ ድርጊት አለው፣ ቁጥር አለው። በአገራችንም እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቷል። «ያንግ ላይቭስ» የሚባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ 20 ቦታዎች፣ አማራ ክልልንም ጨምሮ፣ 3,000 ልጆችን ለዓመታት ተከታትሏል። ትልልቆቹ 15 ዓመት ሲሆናቸው ስለ መመታት፣ ስለ መሰደብ፣ ስለ መገለልና ዕቃን ስለ መነጠቅ ለየብቻ ጠይቋቸዋል። 19 ሲሞላቸው ተመልሶ ሲያያቸው፣ በልጅነት የደረሰው ጥቃት ከብዙዎቹ በራስ መተማመንና ከሰው ጋር ካላቸው ግንኙነት ጋር ተያይዞ አገኘው። ያም ማለት አራት ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ «ቀልዱ» አላለቀም።

እኔ ያስተማርኩባቸውን ትምህርት ቤቶች ስም አልጠራም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። እናቷ ወረታ ገበያ ጀበናና ምጣድ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ማንም አልሰደባትም። አዎ፣ አንድም ቀን ስድብ አልሰማሁም። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን በአጠገቧ ስታልፍ የምሳ ዕቃ ክዳን ይከደናል። ቀስ ብሎ ነው የሚከደነው፤ «ክችች» የምትል ድምፅ ብቻ ናት። እስክሪብቶ ተውሳ ስትመልስ በጫፉ ይይዙታል። ቡድን ሲመሠረት የመጨረሻዋ ቀሪ እሷ ናት። ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ ከግንቦት በፊት ቀረች። ሮስተሩ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፦ «አቋረጠች»። ያችን ልጅ «ተሰድበሻል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቋት «አልተሰደብኩም» ነበር የምትላችሁ። እውነቷን ነው። የክዳኑን ድምፅ ማን ጠየቃት?

ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ወረታ ቤት ተከራይቶ የሚማረውንም አትርሱት። ቅዳሜ ሄዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ የሚመለሰው፣ አነጋገሩ የሚኮረጅበት ልጅ። በቅርቡ ደግሞ ከሌላ አካባቢ ጦርነት ያፈናቀላቸው ልጆች ወደ ክፍላችን ሲገቡ «ተፈናቃይ» የሚለው ቃል እንዴት የቅጽል ስም እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ችግርን የሚገልጽ ቃል በሦስት ወር ስድብ ሆነ። «የማን ልጅ ነህ?» እንዲህ እንዲህ እያለች አዳዲስ ልብስ ትለብሳለች።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? ለተማሪዬ ያልኩትን ለእናንተም ልበል።

መጀመሪያ፣ መሰላሉን በራሳችን እንጨት እንሥራው። የቦጋርደስ «ክለብ» ለፎገራ ልጅ ምኑም አይደለም። የኛ መሰላል እንዲህ ቢሆንስ? ከእነሱ ጋር ወንፈል ትገባላችሁ? ዕድር ላይ አብራችሁ ትቀመጣላችሁ? ቤታቸው የተፈላ ቡና ትጠጣላችሁ? ልጃቸው ያጎረሰህን ትጎርሳለህ? አበልጅ ትሆናላችሁ? ትጋባላችሁ? ብዙ ሰው ወንፈሉ ላይ «አዎ» ብሎ ጉርሻው ላይ ይቆማል። መለካት ያለበት የሚቆምበት እርከን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ እርከን ከወጣ ለውጥ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ድርጊትና ጊዜ ጠይቁ። «ባለፈው ሳምንት ምሳህን ከማን ጋር በላህ?» «ባለፈው ወር በክፍላችሁ በቤተሰቡ ምክንያት የቅጽል ስም የወጣለት ልጅ አለ?» ስለራሱ ለመናገር የሚያፍር ልጅ ስላየው ነገር ይናገራል።

ሦስተኛ፣ መቀመጫውን ተመልከቱ። ጃኮብ ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1934 ያሳተመው ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ አብሮት ቢቀመጥ የሚወደውን ልጅ ስም በምስጢር ይጽፋል። ከዚያ ማን ብዙ ጊዜ እንደተጠራ፣ ማን አንድም ጊዜ እንዳልተጠራ ይታያል። ወረቀቱን ግን መምህሩ ብቻ ይየው፤ ጮክ ተብሎ ከተነበበ እሱ ራሱ ሌላ ጥቃት ነው።

አራተኛ፣ ሮስተሩን ገልብጡ። «አቋረጠ» ከተባሉት ውስጥ የማን ልጆች ይበዛሉ? ይህ ቁጥር ጠያቂውን ለማስደሰት ተብሎ አይሞላም። ልጁ ከሄደ በኋላ የቀረ እውነት ነው።

አምስተኛውን ደግሞ አደራ እላለሁ፤ በመጠይቃችሁ ልጅ አትጉዱ። ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል «ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር ትጋባለህ?» ብላችሁ በግልጽ ብታነቡ፣ ሃምሳ ዓይን ወደ አንድ ወንበር ይዞራል። ስም አለመጻፉ ምን ይጠቅማል? እንዲያ ካለው ቤተሰብ የመጣው አንድ ልጅ ብቻ ከሆነ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። የታሪክ ልጅ በስም በሌለ መንደር አስመስላችሁ ጠይቁ፤ «አንድ ልጅ ነበር፣ እንዲህ ሆነበት፣ ጓደኞቹ ምን ቢያደርጉ ይሻላል?» ብላችሁ። ሕገ መንግሥቱም በ1987 ዓ.ም ሲጸድቅ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤት ከጭካኔ አያያዝ እንዲጠበቅ ደንግጓል። ጥናትም ቢሆን ከዚያ ውጭ አይደለም።

«ለክተን ምን እናመጣለን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ኖርዌይ ውስጥ በበርገን ከተማ ለክተው፣ መምህራኑ በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ እየተገኙ፣ በየክፍሉ ግልጽ ደንብ አውጥተው፣ ወላጅ ጠርተው ሲሠሩ ጥቃቱ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ጎርደን ኦልፖርት የሚባለው የሥነ ልቦና ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው፣ ሰው ከሰው ጋር በአንድ ቦታ ስለተቀመጠ ብቻ ጥላቻው አይለቀውም፤ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ መተባበር፣ ከላይ ያለው ኃላፊ ድጋፍ ያስፈልጋል። እኛ 1ለ5 እያልን ስንት ዓመት ቡድን መሠረትን። ቡድኖቹ ግን ሪፖርት የሚሞላባቸው ሆነው ቀሩ፤ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌላው ይፈርማል። እያንዳንዱ ልጅ የሌላው የሌለውን የሥራ ድርሻ ይዞ፣ ያለሱ ቡድኑ የማይጨርስበት አድርገን ብንሠራው የኦልፖርት መንገድ እጃችን ላይ ነበረ፣ አሁንም አለ።

የምኒልክ አዋጅ ከወጣ መቶ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ንጉሡ ስድቡን ቆጥረው ከለከሉ፤ የኛ ተራ ክዳኑን መቁጠር ነው። መምህራን የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን የምሳ ሰዓታችሁን ከቢሮ ወጥታችሁ ግቢው ውስጥ አሳልፉና ማን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማን ለብቻው እንደሚበላ ብቻ እዩ። ምንም አትናገሩ፣ መዝግቡ። ያያችሁትን የልጅም የትምህርት ቤትም ስም ሳትጠሩ እዚህ ጻፉልን። ስድቦቹን ግን እባካችሁ አትጻፏቸው፤ የሚያነቡ ልጆች አሉ።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።